ልጆች ለአካለ መጠን በሚደርሱበት ጊዜ ስለሚያስፈልጋቸው ትምህርትና በእጅ ስልክ ስለሚደርሳቸው ወሬ

በቀድሞው የአገራችን ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ አንድ ቃል በተናገረ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ይህን ከማን ሰማኸው?» የሚል ነው። ቅኔ የተማረ ሰው በዋድላ ወይም በዋሸራ ወይም በጎንጅ መማሩን ይናገራል፤ የመምህሩን ስም ይጠራል፤ መምህሩም ከማን እንደ ተማረ ይቈጥራል። በእስላሞችም ዘንድ ሐዲስ የሚያስተምር ሼኽ ቃሉን ማን ለማን እንዳስተላለፈው ስሙን በተራ እየጠራ ካልተናገረ ትምህርቱ ሙሉ አይባልም። የዚህ ልማድ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ በማይታወቅ ቃል ስሕተት ቢገኝበት የሚጠየቅ ሰው የለምና።

ዛሬ ግን በየመንደሩ በልጆች እጅ ስም የሌለው መምህር ገብቷል፤ ይኸውም የእጅ ስልክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስልክ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ከካህናቱ አንዳንዶቹ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙት ይነገራል። ያን ጊዜ ስልክ የንጉሥና የመኳንንት ዕቃ ነበረ። በ1991 ዓ.ም. የእጅ ስልክ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም የሚባለው ኩባንያ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ስልክ የገበሬም የእረኛም ዕቃ ሆኗል። ድምፅ ብቻ ሳይሆን ጽሕፈትና ሥዕል ተንቀሳቃሽ ፊልምም ያመጣል፤ ቴሌግራም፥ ፌስቡክና ቲክቶክ የሚባሉትም መንገዶች በሩቅ አገር ያለውን ሰው ከገጠር ልጅ ጋር በቅጽበት ያነጋግራሉ።

ለምሳሌ ኦጎልቾን እንመልከት። ኦጎልቾ በአርሲ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርዱበት ወገን ትገኛለች። ከአርሲ ተራሮች የሚነሣው የከታር ወንዝም በዚሁ ወረዳ አልፎ ወደ ሐይቁ ይገባል። በእንደዚህ ያለ የገበሬ አገር ስልክ የያዘ ልጅ ሁሉ ለኢንተርኔት የሚከፍለው ገንዘብ አለው ማለት አይደለም። ብዙው ልጅ የታላቅ ወንድሙን ስልክ ይዋሳል፤ ኢንተርኔት ባይኖረውም ገበያ በዋለ ቀን ከሱቅ በሚሞሪ ካርድ ዘፈንና ፊልም አስጭኖ ይመለሳል፤ ያም ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀዳ መንደሩን ይዞራል። ሴት ልጅ ግን የራስዋ ስልክ የሚኖራት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የምታየው ወንዱ መርጦ ያሳያትን ይሆናል። ስልኩን ከልጁ እጅ መንጠቅ ቀላል ነው፤ ከጓደኛው እጅ ግን ማን ይነጥቃል?

በቤት ወገን ያለው ደግሞ ዝምታ ነው። አባት ከወንድ ልጁ ጋር ስለ እርሻውና ስለ ከብቱ ይነጋገራል፤ እናትም ለሴት ልጅዋ የቤቱን ሥራ ሁሉ ታስተምራለች፤ የልጁ ድምፅ ሲጐረንን፥ የልጅቱም ጡት ሲያጐጠጕጥ ግን ሁለቱም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ይህ ዝምታ ከጨዋነት ሲቈጠር ኖሯል። ዳሩ ግን የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በክፍል ተቀምጣ ሳለች በቀሚስዋ ላይ ደም ብታይ፥ አስቀድሞ የነገራት ሰው ከሌለ፥ ታመምሁ ወይም ክፉ ነገር አገኘኝ ብላ ትደነግጣለች። ወንዶቹ ቢሥቁባት በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። በየወሩ ሦስትና አራት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ብትወድቅ ሰነፍ ናት ይባላል፤ ሰነፎቹ ግን ሊነግሯት ሲገባ ዝም ያሉት ናቸው። ለእናትዋ ለመናገር ያፈረችውን ነገር በመጨረሻ ለስልክ ትጠይቃለች። ስልኩም ይመልስላታል፤ መልሱን የጻፈው ሐኪም ይሁን ነጋዴ ወይም አታላይ ግን በገጹ ላይ አይታይም።

ስለዚህ መምህሩ ራሱ አስቀድሞ እውነቱን ይወቅ። የወር አበባ በሽታም ቅጣትም አይደለም። ማኅፀን በየወሩ ለፅንስ ያዘጋጀውን ሽፋን ፅንስ ባልመጣ ጊዜ የሚያፈስስበት የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቈያል፤ የሚፈስሰውም ደም ብዙ መስሎ ቢታይ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ የቡና ሲኒ አይበልጥም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑ ቢዛባ አያስደነግጥም። ልጅቱ ገላዋን ትታጠብ፤ ሞዴስ ከተገኘ ሞዴስ፥ ባይገኝ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ታድርግ። ጨርቁንም በሳሙና አጥባ በፀሓይ ታድርቀው እንጂ አፍራ በአልጋ ሥር አትደብቀው፤ እርጥብ ጨርቅ በሽታ ያመጣልና። ደሙ ከ7 ቀን ቢያልፍ፥ ወይም ጨርቁን በየሰዓቱ የሚያስለውጥ ቢሆን፥ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ገና ባይጀምራት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ደግሞ ይህ በተለይ ሊነገር ይገባል፤ ልጅቱ የመጀመሪያውን የወር አበባ ሳታይም ልትፀንስ ትችላለች። እንቍላሉ የሚወጣው ደሙ ከሚመጣበት ቀን 14 ቀን ያህል አስቀድሞ ነውና፥ «ገና አላየሁም» ብሎ መተማመን ብዙዎችን አታልሏል።

ወንዱ ልጅም የራሱ ፍርሀት አለው። በእንቅልፉ ዘር ሲፈስሰው፥ ይኸውም በቤተ ክርስቲያን ሕልመ ሌሊት የሚባለው ነው፥ ሰውነቴ ሊያልቅ ነው ብሎ ይጨነቃል። በስልክ ደግሞ «ይህ ነገር ደም ያሳጣል፤ ጕልበት ይሰብራል፤ መካን ያደርጋል፤ መድኃኒቱ ከእኛ ዘንድ ነውና ገንዘቡን በቴሌብር ላክ» የሚል ቃል ይደርሰዋል። ይህ ሐሰት ነው። ሕልመ ሌሊት ለአካለ መጠን በሚደርስ ልጅ ላይ የሚታይ የተፈጥሮ ነገር ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ልጁ ይህን ከመምህሩ ወይም ከአጎቱ ከሁለት ቃል ባልበለጠ ንግግር ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡም አይጠፋም፤ ሌሊቱንም በጭንቀት አያነጋም ነበረ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ፊልሙ ነው። በሚሞሪ እየተጫነ የሚዞረው የዝሙት ፊልም ለገንዘብ የተሠራ ትርኢት ነው፤ በዚያ ውስጥ ወንዱ ሲጠይቅ፥ ሴቲቱም አስባ ስትመልስ፥ ስለ በሽታ ወይም ስለ እርግዝና ሲነጋገሩ አይታይም። ሌላ አስተማሪ የሌለው ጎረምሳ ግን ነገሩ እንዲህ ነው ብሎ ይይዛል። እንዲህ የያዘ ልጅ እምቢ ያለችውን ልጅ እሺ እንዳለች ይቈጥራል፤ ብትጮህም ልማድዋ ነው ይላል። በአገራችን ደግሞ «የሴት እምቢታ እሺታ ነው» የሚል አሮጌ አነጋገር ስላለ ፊልሙና አነጋገሩ ይተባበራሉ። መምህሩ ይህን በግልጽ ያፍርስ፤ እምቢ ማለት እምቢ ማለት ነው፤ ዝም ማለትም ፈቃድ አይደለም።

የአርሲ ገበሬ ስለ ዘር ያለው ጥንቃቄ ለዚህ ነገር ጥሩ መማሪያ ይሆናል። በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማእከል በ2004 ዓ.ም. «ኦጎልቾ» የሚል ስም የተሰጠውን የስንዴ ዘር አውጥቷል። ይህ ዘር ለገበሬ ከመሰጠቱ አስቀድሞ በልዩ ልዩ ስፍራ ተዘርቶ፥ ዋግ እንዴት እንደሚይዘው ታይቶ፥ ምርቱም ተመዝኖ ነው። ከመንገድ ላይ ያገኘውን ስሙን የማያውቀውን ዘር በማሳው ሁሉ የሚዘራ ገበሬ አይገኝም። ልጁም በስልክ ያየውን ቃል እንደዚሁ ይመርምር። ይህን የጻፈው ማን ነው፤ ሙያውስ ምንድር ነው፤ ከነገረኝ በኋላ ገንዘብ ይጠይቀኛልን፤ ለማንም እንዳትነግር ይለኛልን፤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ብጠይቅ ያንኑ እሰማለሁን ብሎ ይጠይቅ። ገንዘብ የሚጠይቅና ምስጢር የሚያስይዝ ቃል ከሁሉ ይልቅ ሊጠረጠር ይገባል። ለምሳሌ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተጀመረ ጊዜ አስቀድሞ የተሰጠው ለ14 ዓመት ሴቶች ልጆች ነበረ። ስለዚህ ክትባት «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ በብዙ አገር ተነዝቷል፤ ወሬውን ያወጣው ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ግን ስም የሚጠራ አይገኝም። ክትባቱ መካን አያደርግም፤ የሚከላከለው ሴቶችን በጕልምስናቸው የሚገድለውን በሽታ ነው።

ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ግን ክፉ ነው ማለት ስሕተት ነው። ከ1994 ዓ.ም. እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በሬዲዮ በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፥ በኦሮምኛ ደግሞ «ዲምቢባ» የሚባሉ ተከታታይ ድራማዎች ይሰሙ ነበር፤ ያዘጋጃቸውም ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የሚባለው ድርጅት ነው። ስለ ኤድስ፥ ስለ ቤተ ሰብ ምጣኔ፥ ስለ ጠለፋና ያለ ዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ በተግሣጽ ሳይሆን በታሪክ መልክ ያስተምሩ ስለ ነበር ሰው ሁሉ በጕጕት ያዳምጣቸው ነበር፤ ከአድማጮችም ከ15,000 የሚበልጥ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ደብዳቤ መጻፍ በማይለመድበት አገር ይህን ያህል ሰው ብዕር ማንሣቱ በልቡ የቈየ ጥያቄ እንደ ነበረው ያሳያል። እንደዚሁም በፈረንጅ ቍጥር በ2004 «ወገን» የተባለ የስልክ አገልግሎት ተቋቁሞ፥ ማንም ሰው በ952 ያለ ክፍያ እየደወለ ስለ ኤች አይ ቪ ይጠይቅ ነበር። ጠያቂው ስሙን እንዲናገር አይገደድም፤ መላሹ ግን የሠለጠነ፥ ቤቱም የታወቀ ነበረ። ይህ ሥርዓት ሊመሰገን ይገባዋል። በኀፍረት ነገር ጠያቂው ቢሸሸግ ምንም አይደለም፤ መላሹ ግን መሸሸግ የለበትም። በዛሬው ስልክ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ልጁ ስሙንና ሥዕሉን አውጥቶ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት ሰው ፊቱን ሸፍኖ ይቀመጣል።

ወሬ መብዛቱም ዕውቀት እንዳላበዛ በቍጥር ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት መካከል ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት የተገኘባቸው ከመቶው ሴቶች 24፥ ከመቶው ወንዶች 39 ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች ልጆች ከመቶው 13 ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሰው ነበር።

ሽማግሎች በዚህ ነገር የሚያቀርቡት መቃወሚያ የታወቀ ነው፤ «ያልተነገረው ልጅ አያስብም፤ ብንነግረው ዓይኑን እንከፍትበታለን» ይላሉ። አሳቡ ከክፋት የመጣ ስላልሆነ በንቀት ሊመለስ አይገባውም። ነገር ግን ዩኔስኮ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድርጅት በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ በፈረንጅ ቍጥር በ2009 ባወጣውና በ2018 ባደሰው መመሪያ እንዳስረዳው፥ ስለ ሰውነታቸው በሚገባ የተማሩ ልጆች ከወንድና ከሴት ጋር መገናኘትን በዚህ ምክንያት አያፈጥኑም። ደግሞም የልጁ ዓይን ተከፍቷል፤ የከፈተው ስልክ ነው። ለሽማግሌው የቀረለት ነገር ልጁ ያየውን እንዲያስተውል መርዳት ነው።

ስለ ሴት ሰውነት ክብር በአደባባይ መናገር ለአርሲ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሲንቄ የሚባል የሴቶች በትር አለ፤ እናት ለልጅዋ በሠርግዋ ቀን ትሰጣታለች። ባለትዳርዋ ሴት በደል ሲደርስባት፥ ይልቁንም በአራስነትዋ ወራት ብትመታ፥ በትሩን ይዛ ትወጣና ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይሰበሰባሉ፤ በደለኛውም እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ያለ ሬዲዮና ያለ ስልክ የሴት በደል በአንድ ቀን አገር የሚሰማበት መንገድ ይህ ነበረ። ሲንቄ የሚሰጠው በሠርግ ቀን ስለ ሆነ ግን ያላገባችው ልጅ የላትም። ለእርስዋ የሚጮኸው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያለ ነው።

በፈረንጅ ቍጥር በ1996 በዚያው በአርሲ የሆነው ነገር ይህን ያሳያል። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤትዋ ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ በሮጠች ጊዜ የጠላፊውን ጠመንጃ ይዛ ነበርና ተከታትሎ ሲደርስባት ተኵሳ ገደለችው። በልማድ ቢሆን ደም የሚፈለግባት እርስዋ ነበረች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ግን በመዓዛ አሸናፊ መሪነት ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ያደረገችው ራስዋን ለመከላከል ነው ሲል በነጻ ለቀቃት። መዓዛ አሸናፊ ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል፤ ታሪኩም በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በሚል ፊልም ለዓለም ታየ። በዚያ ዘመን በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ልጅ በፈቃድዋ ጠላፊዋን ብታገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበረ። ያን ፈቃድ በማን ፊት እንደምትሰጥ ማሰብ ለአስተዋይ ይበቃል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ ቢፈጸምም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። ይኸው ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይከለክላል፤ ጋብቻ የሚፈቀደውም ለወንድም ለሴትም ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው።

የዕድሜው ወሰን ያለ ምክንያት አልተደረገም። የ14 ዓመት ልጅ የዳሌዋ አጥንት ገና ስላልሰፋ ምጥዋ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያም ፊስቱላ የሚባለው ጕዳት ይደርስባታል፤ ሽንትዋ ሳትፈቅድ ይፈስሳል። በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ኋላ በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ሐኪሞች ካትሪን ሃምሊንና ባላቸው ሬጂናልድ ዕድሜያቸውን የፈጁት እንደዚህ ያሉትን ሴቶች በመጠገን ነው። ልጁን ያለ ዕድሜዋ የሚድር አባት ይህን አስቀድሞ ቢያይ ኖሮ እጁን ይሰበስብ ነበረ።

ዛሬ የሚያደባው ሰው በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ብቻ አይቆምም። በስልክ ወጣት መስሎ፥ ፍቅርን እየነገረ፥ ከልጅቱ ራቍትነትዋን የሚያሳይ ሥዕል ይለምናል። በላከች ጊዜ ነገሩ ይለወጥና «ሌላ ላኪ፤ ወይም ገንዘብ ላኪ፤ ወይም ወደምነግርሽ ስፍራ ነዪ፤ እምቢ ብትዪ ለአባትሽና ለመንደርሽ አሳያለሁ» ይላል። ወንዶች ልጆችም በዚሁ ወጥመድ ይያዛሉ። የተላከ ሥዕል ከተላከ በኋላ ሊመለስ እንደማይችል ልጆች ሁሉ አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ የዝሙት ሥዕል የሚያዘጋጀውን፥ የሚያሰራጨውንና የሚይዘውን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት፥ እንዲህ ባለ ነገር ልጅን የሚያባብለውን ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሥዕሉን ከጓደኛው ተቀብሎ ለሥቅ የሚያስተላልፈው ጎረምሳም ይህ ሕግ እንደሚነካው ይነገረው።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ልጅ ወደ መምህሩ ቢመጣ መምህሩ በትር አያንሣ፤ «ለምን ላክሽ?» ብሎም አይጀምር። እንዲህ የሚጀምር መምህር ለቀሩት ልጆች ሁሉ በሩን ዘጋባቸው። ይልቁንም ልጅቱ ሌላ ሥዕል እንዳትልክ፥ ገንዘብም እንዳትከፍል፥ የመጡላትንም ቃላት እንዳትሰርዝ ይንገራት፤ ለምስክርነት ያስፈልጋሉና። ከዚያም የምታምነውን የቤተ ሰብ ሰው አስጠርቶ ነገሩን ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያድርስ። የልጅቱን ስም በመምህራን ቡና መጠጫ አያንሣ።

የተደፈረች ልጅ ስትኖር ደግሞ ሰዓት መቍጠር ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ከዚያም 28 ቀን ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለው መድኃኒት እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ፈጥኖ የተወሰደው ይሻላል። ገላዋን ሳትታጠብ፥ ልብስዋም ሳይታጠብ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። በአንዳንድ ስፍራ ሽማግሎች ተቀምጠው ስለ ካሳ ከብት ሲነጋገሩ ሦስቱ ቀን ያልቃል፤ ከብቱ ተቈጥሮ ሲያልቅ የመድኃኒቱ ጊዜ አልፏል። የሽማግሌ ዕርቅ ለድንበርና ለውኃ ጠብ የተከበረ ነገር ነው፤ ይህ ግን የመንግሥት ሕግ የያዘው ወንጀል ስለ ሆነ ዕርቅ አይገባበትም።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ ለሚለው፥ አስቀድሞ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይሰጥ። የኦጎልቾ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ሆኖ ሳለ በስልክ የሚያገኘው አብዛኛው ጽሕፈት በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹን አንብቦ ግማሹን ይገምታል፤ ስሕተቱም ከግምቱ ይወለዳል። የአካላትን ስም መምህሩ በቀጥታ ይጥራ፤ በስድብ ቃል ወይም በሥቅ ከተጠሩ ልጆቹ ትምህርቱን ለጨዋታ ይወስዱታል። መምህሩ ራሱ ቢያፍር አይደነቅም፤ በዝምታ ያደገ ነውና። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሴቶቹን መምህርት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፥ ወንዶቹን መምህር ለብቻ ለብቻ ቢያስተምሯቸው ይሻላል፤ ኋላ ግን ወንዶቹም ስለ ወር አበባ፥ ሴቶቹም ስለ ወንዶቹ ለውጥ በአንድነት ይስሙ፤ መሣሣቅ የሚቀረው በዚህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት ሴቶች ይህን ትምህርት ከሥራቸው አንዱ አድርገው የተማሩ ናቸውና፥ መምህሩ በወር አንድ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢጠራቸው ደስ ብሏቸው ይመጣሉ።

በክፍሉም ጥግ ክዳኑ የተቈለፈ፥ ከላይ ቀዳዳ ያለው አንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ አሮጌ የሻይ ቅጠል ካርቶን ቢሆንም ይበቃል። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት ቍራጭ ወረቀት ይቀበሉ፤ የሚጠይቀው የሌለው ልጅም ወረቀቱን ባዶውን ይክተት፤ የጠየቀው እንዳይለይ። ስም አይጻፍበት። መምህሩ ሣጥኑን በቤቱ ከፍቶ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ያንብብ፤ የሚያውቀውን በስሙ ቆሞ ይመልስ፤ የማያውቀውን ጽፎ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ይጠይቅና በሚቀጥለው ሳምንት ማን እንደ ነገረው ጭምር ለልጆቹ ይንገራቸው። ከወረቀቶቹ አንዱ «አንድ ሰው በስልክ እያስፈራራኝ ነው» ወይም «በቤታችን ያለ ሰው ይነካኛል» የሚል ሲገኝ በክፍል ፊት አይነበብ፤ ለክፍሉ ሁሉ «እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ልጅ ከትምህርት በኋላ በዚህ ሰዓት በዚህ ስፍራ ያገኘኛል» ብሎ ብቻ ይንገር፤ በተናገረውም ሰዓት በዚያ ስፍራ ይገኝ።